ብሬሳችሁ ከወለቀ በኋላ፦ ስለ ሪቴነራችሁ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው እዚህ ደብረ ማርቆስ ባለችው ትንሽ የጥርስ ክሊኒካችን ብሬስ (ጥርስ የሚያስተካክል ሽቦ) አስራችሁ ለጨረሳችሁ፣ ለመጨረስ ለተቃረባችሁ፣ ልጆቻችሁንም ለምታመላልሱ ወላጆች ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳን ነገር አለ። ብሬሳቸው ከወለቀ ጥቂት ወራት በኋላ ጥርሳቸው ወደ ነበረበት እየተመለሰ የሚመጡ ደንበኞች አሉ። ሁለት ዓመት ሽቦ ተሸክመዋል። በየወሩ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ተመላልሰዋል። ከዚያ ሪቴነሩን፣ ማለትም ብሬስ ከወለቀ በኋላ ጥርሱን በቦታው የሚይዘውን ነገር፣ «ለትንሽ ቀን ላሳርፈው» ብለው አስቀመጡት። ትንሽ ቀን ወር ሆነ። መልሰው ሊያደርጉት ሲሞክሩ አልገባ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ወንበራችን ላይ ሲቀመጥ እኛም አብረን እናዝናለን።

ጥፋቱን በእነሱ ላይ አንጥልም። ብሬስ የሚወልቅበት ቀን የደስታ ቀን ነው። ሰው መስታወት ይዞ፣ ምላሱን ለስላሳ ጥርሱ ላይ እያንሸራተተ ይስቃል። ቤተሰብ ፎቶ ያነሳል። በዚያ ግርግር መሀል እኛ ስለ ሪቴነር በአምስት ደቂቃ የምንናገረው የማንም ጆሮ አይገባም። ስለዚህ ቤታችሁ ተረጋግታችሁ የምታነቡት እንዲሆን ብለን ጻፍነው።

ከሁሉ በፊት ጥርስ ለምን እንደሚመለስ እንንገራችሁ። ይህን የተረዳ ሰው ሪቴነሩን አይረሳም። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር የተመታ ነገር አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መሀል ቀጫጭን ጅማቶች አሉ፤ ጥርሱን ከየአቅጣጫው ይዘውታል። ብሬስ ጥርሱን ሲያንቀሳቅስ እነዚህ ጅማቶች ይወጠራሉ፣ አጥንቱም በአንድ በኩል እየሟሟ በሌላው በኩል እየተሠራ ይሄዳል። ሽቦው በወለቀ ማግስት ጥርሱ በአዲሱ ቦታ ቆሟል እንጂ ገና አልጸናም። በሥሩ ዙሪያ ያሉት ጅማቶች ራሳቸውን ለማስተካከል ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋሉ። በድድ ውስጥ ያሉት ደግሞ ግትር ናቸው፤ እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል።

በተለይ ተጣሞ ዞሮ የነበረ ጥርስ ያስቸግራል። ገመድ ስትገምዱ አስቡት። ጫፉን ሳታስሩ ከለቀቃችሁት ወዲያው ይፈታል። ዞሮ የተስተካከለ ጥርስም የድዱ ጅማት እንደ ተገመደ ገመድ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሪቴነር ማለት የገመዱን ጫፍ መያዣ ነው።

ሌላም አለ። ብሬስ ጨርሶ ያላሰረ ሰው እንኳ ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ የታችኛው የፊት ጥርሱ መጣበብ ይጀምራል። ስለዚህ «እስከ መቼ ነው የማደርገው?» ብላችሁ ስትጠይቁን መልሳችን እውነተኛ እንዲሆን እንፈልጋለን፦ ጥርሳችሁ እንዲህ ቀጥ ብሎ እንዲኖር እስከፈለጋችሁ ድረስ። አትደንግጡ፣ ሁልጊዜ ቀንና ሌሊት አይደለም። በእኛ ክሊኒክ የመጀመሪያውን ስድስት ወር ከምግብና ከጥርስ መቦረሽ በስተቀር ቀንና ሌሊት እናዛለን። ከዚያ ሌሊት ብቻ ይሆናል። ለእናንተ ሐኪሙ ለይቶ የነገራችሁ ካለ ግን የእሱን ተከተሉ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ሦስት ዓይነት እንሠራለን።

አንደኛው ሽቦና ፕላስቲክ ያለው ነው። ላንቃ ላይ የሚያርፍ ሮዝ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ሰሌዳ አለው፤ ከፊት ለፊት ደግሞ አንድ ሽቦ ያልፋል። ሃውሊ ይባላል፤ ከ100 ዓመት በፊት በሠራው አሜሪካዊ ሐኪም ስም ነው። ጠንካራ ነው፣ በደንብ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሽቦው ሲላላ በፒንሳ እናጠብቀዋለን። የላይና የታች መንጋጋ ጥርሶች እርስ በርስ ተገናኝተው እንዲቀመጡም ቦታ ይሰጣል። ጉድለቱ ሽቦው መታየቱና መጀመሪያ ላይ ንግግር ማስቸገሩ ነው። ዜማ የሚማር አንድ ደንበኛችን «ሰ እና ሸ ተምታቱብኝ» ብሎ ተጨንቆ መጣ። በየቀኑ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ነገርነው። በሁለተኛው ሳምንት ምላሱ ለመደው።

ሁለተኛው እንደ መስታወት የጠራው ነው። የጥርሳችሁን ልክ በጄሶ ካወጣን በኋላ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ አሙቀን፣ ሲለሰልስ ጄሶው ላይ አየር በሚስብ ማሽን እናጣብቀዋለን። ሲቀዘቅዝ ዳር ዳሩን ቆርጠን እናለሰልሳለን። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው እንኳ አያየውም። አብዛኞቹ ወጣቶች እሱን ይመርጣሉ፣ እኛም አንቃወምም። ነገር ግን ከሃውሊው ቶሎ ያልቃል፤ ይሰነጠቃል፣ ይሳሳል። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው በጥቂት ወር ሊበሳው ይችላል። የምታፋጩ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩን። እናንተ ባታውቁት አብሯችሁ የሚተኛ ያውቃል፣ ጠይቁት።

ሦስተኛው ቋሚው ነው። ከታች የፊት ጥርሶች ጀርባ፣ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ፣ ቀጭን ሽቦ በማጣበቂያ እናያይዛለን። አይወልቅም፣ አይጠፋም፣ አይረሳም። ነገሩ ጥሩ የሚሆነው ግን ለሚያጸዳው ሰው ነው። በሽቦው ሥር ምግብ ይሰበሰባል፣ ጠጥሮ የጥርስ ድንጋይ ይሆናል፣ ድድ ይደማል።

የትኛው ይሻላል ለምትሉን፣ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ጥርሱ በጣም ዞሮ ለነበረ ወይም ሰፊ ክፍተት ለተዘጋለት ሰው ቋሚውን እንመክራለን፣ ሌሊት ደግሞ በላዩ የጠራውን። ሁሉን ነገር ለሚረሳ የ14 ዓመት ልጅም ቢያንስ ለታችኛው ቋሚውን። ጠንቃቃ ለሆነና ሰው ፊት ለሚሠራ የጠራው ይበቃል። በውበቱና በዋጋው ብቻ አትምረጡ። «የትኛውን ነው በየቀኑ ሳልሰለች የማደርገው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ሪቴነር የለም።

ስለ ክፍተት ካነሳን አይቀር፣ አንድ ነገር። በአገራችን ፍንጭት ውበት ነው፤ ፍንጭት ያላት ልጅ ስትስቅ ሰው ዞር ብሎ ያያል። ሌሎች ጥርሶቿን አስተካክላ ፍንጭቷን ማስቀረት የምትፈልግ ደንበኛ ካለች ገና ብሬስ ሳይታሰር ትንገረን፤ እናከብርላታለን። ሪቴነር የሚይዘው ያገኘውን ነው። ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ «እናቴ ፍንጭቴን ለምን አጠፋሽው አለችኝ» ብሎ መምጣት ለሁላችንም ይከብዳል።

ወደ አያያዙ ስንመጣ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ይህን በደንብ እንድታነቡት እንለምናለን።

አንዲት እናት የልጃቸውን ሪቴነር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ሲፈቱት የጠራው ፕላስቲክ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጨማዶ ነበር። «ምን ነካው እማማ?» አልናቸው። «ኧረ ምንም አልነካው ልጄ፣ ጀርም እንዳይዘው ብዬ ከፔርሙስ የፈላ ውኃ አፈሰስኩበት» አሉን። ጡጦ የሚያጥቡት እንደዚያ ነው፤ ለልጃቸው ከመሳሳት የተነሳ ነው ያደረጉት። ምን ይባላል? ይህን አስቀድመን ልንነግራቸው የሚገባን እኛ ነበርን። አዲስ ሠራንለት። ለሁላችሁም የምንለው ግን ይህ ነው፦ ያ ፕላስቲክ ቅርጹን ያገኘው በሙቀት ነው፣ በሙቀትም ያጣዋል። ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት።

ፀሐይም ያው ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትወርዱ የአባይ በረሃ ሙቀት ይታወቃል። መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ወይም መስኮት ሥር የተቀመጠ ሪቴነር ጎሃ ጽዮን ሳይደርስ ይጣመማል። አፋችሁ ውስጥ ይሁን፣ ካልሆነም በሳጥኑ፣ ቦርሳችሁ ውስጥ።

ለማጽዳት ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ቀዝቃዛ ውኃና ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው። ጠዋትና ማታ፣ ከውስጥም ከውጭም። የጥርስ ሳሙና በጠራው ላይ አትጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው ደቃቅ ነገር ይጭረዋል፣ በጭረቱ ውስጥ ደግሞ ሽታ ይገባል። በረኪና ጨርሶ አይንካው። ነጭ ነጭ ነገር ከያዘ አንድ እጅ ነጭ አቼቶ ከአንድ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅላችሁ ለ15 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፉት፣ ከዚያ ቦርሹትና በደንብ አለቅልቁት። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። በመፋቂያ አትፈግፍጉት። መፋቂያ ለጥርሳችሁ ጥሩ ነው፤ ቋሚ ሽቦ ያላችሁ ግን ከጀርባ በኩል ስትፍቁ ማጣበቂያውን እንዳያላቅቀው ተጠንቀቁ። በሽቦው ሥር የሚያልፍ ቀጭን ብሩሽና የጥርስ ክር እንዴት እንደሚገባ ስትመጡ እጃችሁን ይዘን እናሳያችኋለን።

ስትበሉ አውጡት፣ ቡና ስትጠጡም እንዲሁ። ከአቦል እስከ በረካ ሰዓት ይወስዳል፣ እናውቃለን። ሙቀቱ ያጣምመዋል፣ ቀለሙ ያጠቁረዋል። ስኳር ያለው ሻይና ለስላሳ ደግሞ በፕላስቲኩና በጥርሱ መሀል ታሽጎ ጥርስ ያበሰብሳል። ውኃ ብቻ ነው ሪቴነር አፍ ውስጥ እያለ የሚጠጣው። ሲወጣ ማረፊያው ሳጥኑ ነው። ረከቦት ላይ አታኑሩት፣ በሶፍትም አትጠቅልሉት። ከጠፉት ሪቴነሮች ብዙዎቹ የጠፉት ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሶፍት ተጠቅልለው ነው፤ አስተናጋጁ ቆሻሻ መስሎት ያነሳዋል። ውሻ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ የምራቅ ሽታ ይስበውና ያኝከዋል።

ቋሚ ሽቦ ያላችሁ በፊት ጥርስ አትገንጥሉ። ክረምት ላይ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየፈለፈላችሁ ብሉ። ሸንኮራ አገዳ በፊት ጥርስ መላጥ ይቅርባችሁ። ቆሎ በመንጋጋ ይቆረጠማል።

ስለ ጾምና ቁርባንም ትጠይቁናላችሁ። ሪቴነር ምግብ አይደለም፤ ቢሆንም ይህን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ከጤና አንጻር ለምንጨነቅበት ግን መላ አለው። የምትቆርቡ ከሆነ ማታ በደንብ አጽድታችሁ በሳጥኑ አኑሩትና ከቅዳሴ በኋላ አድርጉት። ጥቂት ሰዓት አይጎዳም። የሚጎዳው ከዚያ በኋላ መርሳቱ ነው።

አንዳንድ ቀን ሳታደርጉት ብታድሩና ጠዋት ጠበብ ቢላችሁ አትፍሩ፤ ገጥሞ ከገባ አድርጉት፣ በሁለት ሦስት ሌሊት ይላላል። ጨርሶ ካልገጠመ ወይም ከጥርሱ ከፍ ብሎ ከቆመ ግን በግድ አትጫኑት። ያን ጊዜ ደውሉልን። ቋሚው ሽቦ ከአንድ ጥርስ ላይ ቢላቀቅም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው በምላሱ እየነካካው «አይ፣ ገና አልወለቀም» እያለ ሳምንታት ያሳልፋል። ያች የተለቀቀች አንዲት ጥርስ እኮ በዚያ ጊዜ ብቻዋን ትዞራለች።

ከሩቅ የምትመጡ ዝም ብላችሁ መንገድ አትጀምሩ። በመጀመሪያ በቴሌግራም ፎቶ ላኩልን፤ መምጣት የሚያስፈልግ ከሆነ እንነግራችኋለን። የሁላችሁም የጄሶ ልክ ስማችሁ ተጽፎበት በካርቶን ተቀምጧል። ሪቴነሩ ቢጠፋና ጥርሳችሁ ገና ካልተንቀሳቀሰ በዚያው ልክ ሌላ እንሠራለን። ስለዚህ የጠፋባችሁ ቀን ንገሩን። «ይቆጡኛል» ብላችሁ አትቆዩ፤ ማንም አይቆጣችሁም።

ሪቴነር ከወሰዳችሁ በኋላ ቀጠሯችን በ1 ወር፣ በ3 ወር፣ በ6 ወር ነው፤ ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ። ስትመጡ ሪቴነሩን በሳጥኑ ይዛችሁ ኑ። ስንጥቅ እንዳለው፣ ሽቦው እንደላላ፣ በጥርሳችሁ ልክ እንደሆነ አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥርስ ክሊኒካችሁ ባልደረቦች
ደብረ ማርቆስ