ለልጄ፦ ከልጅሽ ጋር ቴሌቪዥን ስታዪ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረማችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅሽ ፊልሙን ዓይኑን ሳይነቅል አይቶ ሲያበቃ «ምን አየህ?» ሲባል «ውሻው ወደቀ» ብቻ ብሎ ዝም ይላል ብለሽ የጻፍሽልኝን አነበብኩ። አትጨነቂ። የአራት ዓመት ልጅ የሚቸግረው ማየቱ ሳይሆን ያየውን ማያያዙ ነው።

አንቺ ልጅ ሳለሽ የምትወጃቸው አባባ ተስፋዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ተርከዋል። ተራኪ ጅቡ ለምን እንደተናደደ፣ ጦጣዋ ምን እንዳሰበች እየነገረ ይሄዳል። ፊልም ግን ይህን ለተመልካቹ ይተወዋል። ሴትዮዋ በሩን ትዘጋለች፤ ወዲያው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ትታያለች። አንቺ በመካከሉ መንገድ እንደሄደች ይገባሻል፤ እሱ ግን ሌላ ሴት ትመስለዋለች። ትዝታ ሲሆንማ ይብሳል። ባለፈው እኔ ዘንድ ሲያድር፣ አንድ ሽማግሌ ልጅነቱን ሲያስታውስ አብረን እያየን ነበር። «ሽማግሌው የት ሄደ? ይሄ ልጅ የማን ነው?» አለኝ። «ያው ሽማግሌው ነው፤ ትንሽ ሳለ እንዲህ ነበር» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና «እማማ፣ አንቺም ትንሽ ነበርሽ?» አለ። ፊልሙን ትተን ስለ እኔ ልጅነት ስናወራ አመሸን።

ስለዚህ አጠገቡ ተቀምጠሽ የተራኪውን ቦታ ያዢለት። ሁሉን አታብራሪ፤ ይሰለቻል። «አሁን እያለመ ነው» ማለት ይበቃል። ጸጥ ሲል «ለምን አለቀሰች?» በይው። ሲያልቅ ለአባቱ ይንገረው፤ ሲተርክ የዘለለው ቦታ ያልገባው ቦታ ነው። ያንኑ ፊልም ደግሞ ለማየት ቢለምንሽ አትከልክይው። በመጀመሪያው ዓይኑ የሚሄደው ወደ ሩጫውና ወደ ጩኸቱ ነው፤ ምክንያቱን የሚይዘው ሲደጋግም ነው።

እውነትና ጨዋታን መለየቱም ጊዜ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በቴሌቪዥን የሚታይ ፈንዲሻ ቴሌቪዥኑ ቢገለበጥ ይፈስ እንደሆነ ሲጠየቁ ይፈሳል ያሉ የሦስት ዓመት ልጆች ነበሩ። እኛ «ተረት ተረት» ስንል ልጁ «የላም በረት» ብሎ አውቆ ይገባል፤ ቴሌቪዥን እንዲህ ያለ በር የለውም። የሞተው ሰው ተዋናይ እንደሆነና አሁን ቤቱ እራት እየበላ ሊሆን እንደሚችል ንገሪው።

ዜና ሲጀምር ግን ልጁ ካለ ዝጊው። አንድ የፈረሰ ቤት ደጋግሞ ሲታይ፣ ለሕፃን በየጊዜው አዲስ ቤት የሚፈርስ ይመስለዋል። አይቶ ከደነገጠ ደግሞ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ ቦታውም ከእናንተ ሩቅ ከሆነ ሩቅ መሆኑን አስረጂው፤ በዚያች ሌሊት አጠገብሽ ይተኛ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እናትሽ