ለአዲስ ረዳት መምህራን፦ የቅዳሜው የማስተማር ልምምድ

ሰላም ለሁላችሁም። ዘንድሮ በረዳት መምህርነት የተቀጠራችሁ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት አብረን እንድንለማመድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ እንገናኝ።

እያንዳንዳችሁ 10 ደቂቃ ታስተምራላችሁ። ከስታቲክስ፣ ከሰርኪዩት ወይም ከቴርሞዳይናሚክስ አንድ ጥያቄ መርጣችሁ ኑ። ስላይድ አያስፈልግም፣ ሰሌዳ ይበቃል። ሌሎቻችን እንደ 2ኛ ዓመት ተማሪ ሆነን እንጠይቃችኋለን።

ጎበዝ ተማሪ የነበረ ሰው ሲያስተምር እርምጃ ይዘላል። ለእሱ ግልጽ ነዋ! ተማሪው ግን የሚጠፋው እዚያው ላይ ነው። ፍሪ ቦዲ ዲያግራም (በአንድ አካል ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች የሚያሳይ ሥዕል) ሳትሥሉ ወደ እኩልታው አትሩጡ። ከጠየቃችሁ በኋላም ታገሡ። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን መልስ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ከ3 ሰከንድ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዝሟል፣ ዝም የሚሉትም ቀንሰዋል። ቅዳሜ ይህን በሰዓት እየለካን እንሞክረዋለን።

ማብራሪያውን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ብቻ መስጠት ይቀላል፤ ግን ጅማ የሚመጣው ተማሪ ከየአቅጣጫው ነው። ዋናውን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ሳትናገሩ አትለፉ።

ላብራቶሪ የተመደባችሁ ሙከራውን አስቀድማችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚጠፋም እወቁ። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

የመረጣችሁትን ጥያቄና የትምህርት ክፍላችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። የምንገናኝበትን ክፍል ዓርብ እናሳውቃለን። ነባር መምህራንም መጥታችሁ አስተያየት ብትሰጡ በጣም ደስ ይለናል፤ የምትመጡ አሳውቁን።