ለ2ኛ ጊዜ በድጋሚ የወጣ

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

የኔ እህት፣

እንደምን ከርመሻል? ልጃችን እንዴት ናት? እኔ የማውቃት ገና ስትድህ ነው፤ ትምህርት ቤት ገባች ሲሉኝ ደነገጥኩ። ማን ቀድሞ እንደጠፋ ብንከራከር ሽማግሌ ሊያስፈልገን ነው፤ ስለዚህ ተዪው። እኔ ደህና ነኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ ያው ነው፤ ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው እሁድ እናትሽን፣ እማማን፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አገኘኋቸው። "መሥሪያ ቤቷ ሰው እየቀነሰ ነው አሉ። እዚህ ሥራ ይኖር እንደሆን ልትጠይቅሽ ፈልጋ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍታ እንዴት ብላ ትደውል" አሉኝ። እኔን ልታፍሪ! አንድ ሎከር ለሁለት ተካፍለን የተማርን ሰዎች! በስልክ ቢሆን ወሬ ወሬን እየጎተተው ዋናው ነገር ይጠፋል ብዬ ነው ደብዳቤ የመረጥኩት።

ሥራ አለ። እንደምታውቂው ወረዳ ላይ የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። ማስታወቂያውን የምተይበውም፣ የምለጥፈውም፣ በመስኮት የምመዘግበውም እኔው ነኝ። ችግሩ ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደ አንድ ቦታ መሆኑ ነው። የከተማ አስተዳደሩ ወይም የዞን መምሪያ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ፈለገ ከተባለ ግቢው እንደ ገበያ ቀን ይሞላል። ዳሽን ወይም ሐበሻ ቢራ ማስታወቂያ ካወጣማ ቴሌግራሙ ከሰዓት በፊት አገሩን ያዳርሰዋል። ያው ሥራ፣ በዚያው በአካውንቲንግ ዲግሪ፣ ጫጫ ወይም ጎረቤላ ወይም ደብረ ሲና ሲወጣ ግን ዞር ብሎ የሚያየው ትንሽ ነው።

እኛ ቢሮ በር ላይ ያለውን ሰሌዳ ብታዪው ትስቂያለሽ። የሽቦ መረብ አለው፤ መረቡ ውስጥ ወረቀት በወረቀት ላይ ተለጥፏል። ዝናብ የነካው ማኅተም ሰማያዊ ሆኖ ፈስሷል። ልጆቹ ስልካቸውን ሽቦው ላይ አስጠግተው ፎቶ ያነሳሉ፤ አብዛኞቹ የሚያነሱት ደመወዙንና የትምህርት ደረጃውን ብቻ ነው። አንቺ ስትመጪ ግን ከላይ፣ ከርዕሱ ሥር ያለችውን መስመር አንብቢ። "ለ2ኛ ጊዜ በድጋሚ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ" ትላለች። አንዳንዴ "ለ3ኛ ጊዜ" ናት። እሷን ያየሽበት ቦታ ቁሚ።

ለምን መሰለሽ? አንድ መደብ ክፍት ሲሆን ውጭ ከመውጣቱ በፊት ውስጥ ለውስጥ ይታያል። ከሌላ መሥሪያ ቤት ዝውውር የጠየቀ አለ ወይ፣ ደረጃ ዕድገት የሚገባው አለ ወይ ይባላል። ሰው ከታጣ ነው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው። ከዚያም በኋላ በድጋሚ ከወጣ፣ ወይ መስፈርቱን የሚያሟላ አልተመዘገበም፣ ወይ ፈተናውን የሚያልፍ ጠፍቷል፣ ወይ አሸናፊው ከተማ ላይ የተሻለ አግኝቶ ሳይመጣ ቀርቷል። ባጭሩ ያንን ወንበር የሚጠብቅ የማንም የአክስት ልጅ የለም።

"ሰው ከሌለኝ ይሆናል እንዴ?" እንደምትዪ ስለማውቅ ነው ይህን ያስቀደምኩት። አልዋሽሽም፤ በዘመድ የሚገባ አለ። ሰው የተዘጋጀለት ማስታወቂያ ደግሞ ያስታውቃል። መስፈርቱ አንድ ሰው ላይ የተለካ ሱፍ ይመስላል፤ "በዚህ ዘርፍ፣ በዚህ ሥልጠና፣ ይህን ያህል ዓመት በዚሁ መደብ የሠራ" ይላል። ምዝገባው አጭር ነው፤ የሚለጠፈውም ዓርብ ከሰዓት ነው። እንዲህ ያለውን ስታዪ ለፎቶ ኮፒ ገንዘብሽን አታባክኚ።

አሁን ወደ ወረቀትሽ ልምጣ፤ ሰው የሚወድቀው ፈተና ላይ ሳይሆን እኔ መስኮት ላይ ነውና። አንቺ ከምረቃ ጀምሮ የሠራሽው የግል ድርጅት ውስጥ ነው። የግል ድርጅት የሥራ ልምድ መንግሥት ቤት የሚያዝልሽ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ልምድሽ የሠራሽበትን መደብ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሽና ደመወዝሽን መግለጽ አለበት። የድርጅትሽ አስተዳደር ለዚያ ብዙም አይጨነቅም፤ እሱ የሚጽፈው ሙገሳ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስታ መጣች። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር። የሥራ ልምዷን አየሁት፤ "ታታሪ፣ ታማኝ፣ ከባልደረቦቿ ጋር ተግባቢ" ይላል፣ ሙሉ ገጽ። መቼ ጀመረች? የለም። ግብር? የለም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ አለቃዋ ጋ ደወለች። ሥራ አስኪያጁ ለቅሶ ሄዷል ተባለች። ፀሐፊዋ ደግሞ ማኅተሙ እሱ ጋ ነው አለቻት። እስከ 11፡30 ጠበቅናት፤ አልመጣላትም። ከሁሉም የሚቆጨኝ ከተመዘገቡት ሁሉ ለመደቡ እሷ ትሻል ነበር። ስለዚህ አንቺ ከዚያ ቤት ሳትወጪ፣ ገና ሰላም እያላችሁ፣ የሥራ ልምድሽንና የግብሩን ማረጋገጫ አስጽፈሽ ያዢ። ከተጣላችሁ በኋላ ማኅተም ማግኘት መከራ ነው።

ስምሽንም እዪው። የአስረኛ ክፍል ካርድሽ ላይ ያለው የአያትሽ ስም ፊደል ከዲግሪሽ ጋር አንድ ነው? ፋይዳሽ ላይስ? እኛ ጋ በአንዲት ፊደል የሚመለስ አለ፤ ከዚያ ፍርድ ቤት ሄደሽ አንድ ሰው መሆንሽን ማስመስከር ነው። "ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ" የሚለውንም እንደ ቀልድ አትዪው፤ ዋናው ሳይታይ አንመዘግብም። ኤግዚት ኤግዛም ግን አይመለከትሽም፤ በ2015 ሲጀመር እኛ ወጥተናል። ካለፍሽ በኋላ የጤና ምርመራና የፖሊስ አሻራ ትጠየቂያለሽ። ገንዘብ ያዥ ካልሆንሽ ተያዥ አምጪ የሚልሽ አይኖርም፤ ገንዘብ ያዥነት ደግሞ ይቅርብሽ፣ ሌሊት እንቅልፍ አይሰጥም።

ደመወዙን ልንገርሽ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ባለው የመንግሥት እርከን የዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከዚያ ላይ ግብሩና 7 በመቶው ጡረታ ሲነሳ እጅሽ ላይ የሚቀረው ወደ 8,600 ገደማ ነው። አንቺ ልምድ ስላለሽ ከዚያ ከፍ ባለ ደረጃ ትገቢያለሽ። አሁን ከምታገኚው እንደሚያንስ ግልጽ ነው። ግን የቤት ኪራይሽን ቀንሺና እንደገና ደምሪው። እማማ ሁለት ክፍል ይዘው ብቻቸውን ናቸው፤ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ምን እንደሚል አንቺ ታውቂዋለሽ። የግል ድርጅት ሆነሽ የከፈልሽው ጡረታም አይጠፋም፤ አገልግሎትሽ ይያያዝልሻል። ቆላውን ከመረጥሽ፣ ቀወት ወይም ምንጃር በረሃ በረሃውን፣ የበረሃ አበል የሚከፈልባቸው ቦታዎች አሉ። አንቺ ግን ሙቀት ትችያለሽ ብዬ አላስብም።

ሥራውን አታጋኚው። ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ማለት አይቤክስ የሚባለው የመንግሥት የበጀትና የሂሳብ ሲስተም ላይ ተቀምጦ ሲጠፋ መጠበቅ፣ ሲመጣ መሮጥ ነው። ሰኔ ሲደርስ በጀት መዝጊያ ስለሆነ ቤትሽን ትረሺዋለሽ። ስብሰባው ብዛቱ! የውሎ አበል ፈርመሽ ልጅሽ ክፍል እስክታልፍ የምትጠብቂበት ጊዜ አለ። የክልላችን ሁኔታም ያው እንደምትሰሚው ነው፤ መንገድ የሚዘጋበት ሳምንት አለ። ስለዚህ ለጊዜው ከከተማው የራቀውን ወረዳ አልመክርሽም። ጫጫ ግን ጠዋት በሚኒባስ ሄደሽ ማታ እቤትሽ ነሽ።

ከመደቦቹ ውስጥ የውስጥ ኦዲተር የሚለውን ተከታተዪ። እኔ ባየሁት በተደጋጋሚ የሚወጣው እሱ ነው። ሰው ይሸሸዋል፤ ምክንያቱም ጓደኛሽን "ይሄ ደረሰኝ የት አለ?" ማለት ስለሚጠይቅ ነው። አንቺ ደግሞ ዶርም ውስጥ የሳሙና መዋጮ በደብተር ስትይዢ የኖርሽ ሰው ነሽ! እግዚአብሔር ለዚህ መደብ የፈጠረሽ ነው የሚመስለኝ።

ፋብሪካም እሞክራለሁ ካልሽ ሞክሪ። ብርድ ልብስ ፋብሪካው አለ፣ የብርጭቆው አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፤ ለሚ ላይ በ2017 መስከረም የተመረቀው ሲሚንቶም አለ። ማስታወቂያቸው "ደመወዝ በድርጅቱ ስኬል" ስለሚል ሳትጠይቂ አትግቢ። ሰርቪስ አለው ወይ፣ ምሳ አለው ወይ፣ ፈረቃ አለው ወይ በዪ። የሙከራ ጊዜው በሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ መንግሥት ቤት ግን 6 ወር ነው። ማንም የማያያቸው ደግሞ የገበሬ ዩኒየኖች ናቸው። እህል ይገዛሉ፣ ማዳበሪያ ያከፋፍላሉ፣ ብዙ ገንዘብ በእጃቸው ያልፋል፤ ደህና ሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ ይቸግራቸዋል። የጸደይ ባንክ ቅርንጫፎችም እስከ ወረዳ ስለወረዱ አልፎ አልፎ ይቀጥራሉ። የውሃና ፍሳሽ አገልግሎቱንም አትርሺ።

ቴሌግራም ላይ "ለመመዝገቢያ በቴሌብር ላኩ" የሚል ካየሽ ግን ዝለዪው። እኛ ለምዝገባ አናስከፍልም። ባለፈው አንዱ በኛ መሥሪያ ቤት ስም እንዲህ አድርጎ ሕዝብ አስቸግሮ ነበር፤ ልጆቹ መጥተው እኔን "ገንዘባችንን" ሲሉኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። በሚቀጥሉት ሳምንታት እኛው ጋ የውስጥ ኦዲተር መደብ በድጋሚ ሊወጣ ነው። ሲወጣ ፎቶውን እልክልሻለሁ። ከተመዘገብሽ ግን እኔ ከፈተና ኮሚቴው እወጣለሁ፤ ጓደኛዬ ናት ብዬ በቃለ ጉባኤ አስይዤ። ከዚህ በላይ አልረዳሽም፣ ጥያቄም አትጠብቂ። ሌሎቹ የኮሚቴ አባላት ደግሞ ሲፈትኑ ምሕረት የላቸውም፤ ስለዚህ የመንግሥት ግዥና የፋይናንስ መመሪያውን ከአሁኑ አንብቢ። ሴት ተወዳዳሪ ውጤቷ እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ ታገኛለች፤ ተቀራራቢ እንዲሆን ግን መሥራት ነው።

ሥራሽን ቀድመሽ እንዳትለቂ። ለአሠሪሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብሽ ውጤት ሲለጠፍ ወዲያው ደብዳቤ ታስገቢያለሽ። እኛ ጋ ያለው ኃላፊ ለዚያ ያህል ይታገሣል፤ ከዚህ በፊትም ታግሦ ያውቃል። ባልሽስ ምን ይላል? እሱ እዚያ ቀርቶ አንቺ እዚህ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን በስልክ እናውራ።

ለአሁኑ የሥራ ልምድሽን በቴሌግራም ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የሚጎድለውን ልይልሽ። ስልኬ ያው የድሮው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ደውዪ። ልጅቷን ሳሚልኝ።

ያንቺው