ለነጭ ነጥብ ተብሎ ጥርስ ይሞረዳል?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ጥርስ ውበት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነበር። ግን ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያው ሽቦ) ከወለቀ በኋላ ጥርስ ላይ ለሚቀረው ነጭ ነጥብ «መፍትሔው ቬኒር ነው» ብላችሁ ማለፋችሁ ከነከነኝ። ቬኒር ማለት እኮ ጥርሱ ተሞርዶ ፊቱ ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን ነው፤ እንዲህ በቀላሉ ወደ መሞረድ ይኬዳል እንዴ?

ልጄ ብሬስ አስራ ነበር። ሲወልቅላት ጥርሷ ተሰልፏል፤ እሰየው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ግን ጉድ ሆነዋል። ብሬሱ የተለጠፈበት ቦታ ደህና ነው፤ ዙሪያው፣ በተለይ ወደ ድዱ በኩል፣ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ሐኪሟ በአየር ስታደርቀው ይብስበታል፤ ምራቅ ሲነካው ደብዘዝ ይላል።

ጎረቤቱ ሁሉ «የውሃችን ነገር ነው» አለ። አይፈረድበትም። እኔ ወንጂ ነው ያደግኩት፤ የእኔ ጥርስ ቡናማ ነው። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ ያልፋል። ግን የእኛ የተበላሸው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። የልጄ ሌላ ነው። ብሬሱ ዙሪያ ምግብ ይቀራል፤ ባክቴሪያው ስኳሩን አሲድ ያደርገዋል፤ አሲዱ ከጥርሱ ሽፋን ካልሲየምና ፎስፌት ይሰርቃል። ብሩሽ በደንብ ካልደረሰው በአንድ ወር ውስጥ እንኳ ነጩ ሊታይ ይችላል።

አሁን የምታያት ሐኪም «አትቸኩሉ» ነው ያለችን። ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ባሉት ወራት ምራቅ ራሱ ማዕድኑን ይመልሳል፤ ሁሉም ባይጠፋም ይቀንሳል። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ጠዋትና ማታ መቦረሽ፣ አረፋውን መትፋት፣ በውሃ አለመጉመጥመጥ። እኔ «ኃይለኛውን ፍሎራይድ ቀቢያትና እንገላገል» ብላት እምቢ አለች። ላዩ ቶሎ ከደደረ ውስጡ ሳይሞላ ነጩ እዚያው ታሽጎ ይቀራል አለችኝ። የእኔን ጥርስ ያበላሸው ነገር በልኩ ሲሆን የልጄን ያክማል፤ ይገርማል።

ታግሰን ታግሰን ያልጠፋ ካለስ? ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ፕላስቲክ መሰል ነገር ጥርሱ ውስጥ የማስረግ ሕክምና አለ፤ የጀርመኑ አይከን የታወቀው ነው። የሽፋኑ ገጽ በአሲድ ጄል ይከፈትና ይደርቃል፤ ቀጭኑ ሬዚን ሰርጎ ይገባል፤ ከዚያ በብርሃን ይጠነክራል። ነጩ የሚታየው ሽፋኑ ውስጥ በተፈጠሩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ምክንያት ነው፤ ሬዚኑ ሲሞላቸው ከቀረው ጥርስ ጋር ይመሳሰላል። መሰርሰሪያ የለ፣ ማደንዘዣ የለ። ላዩን በስሱ የመፈግፈግ ዘዴም አለ። ቬኒር ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። ለቬኒር ተብሎ የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም፤ ቬኒሩም ዕድሜ ልክ አይዘልቅም። ገና ትምህርት ቤት ያለች ልጅ ስንቴ ታስቀይር?

ብሬሱን ያሰረላት ክሊኒክ ስሙ ይቅር። የላስቲኩን ቀለም እንኳ አስመርጠዋታል። ስለ ነጭ ነጥብ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። በየወሩ ሽቦውን ሊያጠብቁ አፏን ከፍተው ሲያዩ ድዱ አጠገብ የሚጀምረውን ነገር አሳይተው «እዚህ ጋ ቦርሺ» ማለት ምን ይከብዳል? ፍሎራይድ ቫርኒሽ መቀባትስ? አንዳንዴ ልጁ ጽዳቱን ጨርሶ ካልቻለበት ብሬሱን ቀድሞ ማውለቅም አለ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ነው፤ ወላጅ ሊሰማው የሚገባው ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ነበር።

ስለዚህ ያቺን መስመር አርሙልን። ስታርሙ ስለ ሎሚም አንድ ቃል ጨምሩ። ልጄ ቲክቶክ ላይ አይታ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ልትፈትግበት ስትል ነው የደረስኩባት። ጥርሱን የበላው አሲድ፣ ሎሚውም አሲድ።

አንዲት እናት፣ ከአዳማ