አንድ ልጅ ስንት በመቶ ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ውጤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ «አሽቆለቆለ» ስላላችሁት አነስተኛ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አነበብኩ። ስንት ተማሪ እንዳስፈተነ ግን አልጻፋችሁም፤ ቁልፉ እዚያ ላይ ነው።

12 ተማሪ ባለበት ክፍል እያንዳንዱ ልጅ ከ8 በመቶ በላይ ይመዝናል። ሁለት ልጆች በፈተናው ሰሞን ቢታመሙና ቢወድቁ የማለፊያው መጠን በ17 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ያሽቆለቁላል። መምህሯ ያችው፣ መጽሐፉም ያው ነው። 120 ተማሪ በሚፈተንበት ትምህርት ቤት እነዚያው ሁለት ልጆች ከ2 በመቶ አይሞሉም፤ ጋዜጣም አያወጣቸውም። ትንንሽ ትምህርት ቤቶች አንዴ ከአናት፣ አንዴ ከግርጌ የሚገኙት በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው።

የተማሪዎቹ ስብጥርም አለ። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጄምስ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1966 የተማሪ ውጤት ከቤተሰብ ሁኔታ ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ አሳይተዋል። የድሃ ልጅ አይማርም ማለቴ አይደለም (ይህን ሰበብ ከመምህራን አፍ ስሰማ ደሜ ይፈላል)። ነገር ግን ግማሹ ተማሪ በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገርበትን ትምህርት ቤት ከሌላው ጋር በጥሬ ነጥብ ብቻ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ልጁ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

የሦስት ዓመት አማካይ ከተፈታኞች ቁጥር ጋር ብታወጡ ደስ ይለኛል። በቡድን ከፋፍላችሁ ስታትሙ ግን አደራ፦ ቡድኑ ሁለት ልጅ ብቻ ከሆነ፣ የማን ውጤት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ጡረታ የወጣሁ መምህር