ነፍሳት ለመሰብሰብ ከግቢ ስለመውጣት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የቅዳሜ ጠዋት የመስክ ትምህርት ፈቃድ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ቢሮዬ ድረስ መጥተው "ልጄን ለትምህርት ብልካት ትል በኪሷ ይዛ ትገባለች፤ ይሄ ምን የሚሉት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ቅሬታቸው ተገቢ ነው፤ አስቀድመን ልናስረዳችሁ ይገባን ነበር።

ልጅቷ ይዛው የነበረው የክብሪት ሣጥን አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ውስጡ አንዲት የሞተች ጥንዚዛ አለች። ጀርባዋ ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ወደ መስኮቱ ሲያዞሯት ግን አረንጓዴ ታበራለች። ክዳኑ ላይ በእርሳስ "ቀሃ ዳር። ማክሰኞ ጠዋት። ወይራ ሥር ሞታ አገኘኋት" ተብሎ ተጽፏል። እኔን ከጥንዚዛዋ ይልቅ ያስደሰተኝ ይህ ጽሑፍ ነው። የት፣ መቼና ምን ላይ እንደተገኘ ያልተጻፈለት ነፍሳት ቢያምርም ለጥናት አይሆንም።

ልጆቻችሁ በመጽሐፋቸው "ሦስት አፅቄ" ስለሚባሉት፣ ማለትም አካላቸው በሦስት ስለተከፈለው ነፍሳት ተምረዋል። ራስ፣ ደረት፣ ሆድ ብለው በቃላቸው ይወጡታል። ሸረሪት አምጥተን ስናሳያቸው ግን አብዛኞቹ "ይሄም ሦስት አፅቄ ነው" አሉ። እግሩን ቁጠሩ ስንላቸው ስምንት ሆነ፤ የሦስት አፅቄ እግር ስድስት ነው። ቆጥረው የደረሱበትን ደግሞ አይረሱትም። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ ቢራቢሮውና ፌንጣው ሳይጠፋ ልናወጣቸው የፈለግነው ለዚህ ነው።

ለጎንደር ልጅ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅታለች። በዓመቱ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጤና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ተከፈተ። የወባ ትንኝ እጭ ከውኃው ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ ይጋደማል፤ ሌሊቱን ጆሯችን ሥር የምትጮኸው የሌላዋ ትንኝ እጭ ግን ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ሁለቱን በብርጭቆ ጎን ለጎን ያየ ልጅ፣ ጓሮ በተጣለ ጎማ የተጠራቀመን ውኃ ዝም ብሎ አያልፍም።

የምንሄደው ከጥምቀተ ባሕሩ በታች ወዳለው የቀሃ ዳርቻ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡30 ወጥተን 5፡30 እንመለሳለን፤ ሁለት መምህራን አብረዋቸው ይሆናሉ። ቢልሃርዝያ ስለሚያሰጋ ማንም ልጅ እግሩን ውኃ ውስጥ አያስገባም፤ እጩን የሚቀዱት መምህራኑ በረጅም ጭልፋ ነው። ንብ ቀፎ አጠገብ አንደርስም። በቤተ መንግሥቱ ግቢም ሆነ በአብያተ ክርስቲያናት ዛፎች ሥር ሳናስፈቅድ አንሰበስብም።

አንዳንዶቻችሁ "የፈጣሪ ፍጥረት ለምን ይገደላል?" ብላችሁናል። እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ። በሕይወት የተያዘውን በጠርሙስ አይተው፣ ሥለው፣ በተያዘበት ቦታ ይለቁታል። በመርፌ ተሰክቶ ሣጥን የሚገባው ሞቶ የተገኘው ብቻ ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው ጥቂት ነው። ክዳን ያለው የማርማላታ ጠርሙስ፣ ደብተርና እርሳስ ያዙላቸው፤ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይፈሳል። ረጅም ሱሪና ሽፍን ጫማ ያድርጉ። ለመረቡ ያረጀ ነጠላ ይበቃል። አደራ፣ አልጋ ላይ የተሰቀለውን አጎበር እንዳትቆርጡላቸው። ከዚህ በፊት ንብ ወይም ተርብ ነድፎት ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ካላችሁ ግን እስከ ዓርብ ራሳችሁ መጥታችሁ ንገሩን። ይህን በወረቀት ብቻ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ።

ልጃችሁ አንድ ነገር በሣጥን ይዞ ቤት ሲገባ ከመጣላችሁ በፊት የት እንዳገኘው ጠይቁት። ያልጻፈውን ያን ጊዜ ያስታውሳል።

የፈቃድ ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል፤ ፈርማችሁ እስከ ዓርብ በልጃችሁ እጅ ላኩልን። ያልፈቀዳችሁለት ልጅ ያን ጠዋት ትምህርት ቤት መጥቶ ሣጥኖቹ ላይ የሚለጠፉትን ጽሑፎች ከመምህሩ ጋር ያዘጋጃል፤ ከውጤቱም የሚቀነስበት ነገር የለም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር