ተማሪዋ የሞላችውን ቅጽ የሻርነው እኛ ነን
ግልጽ ደብዳቤ ለክልላችን ትምህርት ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ነው። የመጀመሪያውን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛውን ለዞኑ መምሪያ፣ ሦስተኛውን በእርስዎ ስም ለቢሮው ጽፌያለሁ። በሦስቱም ቦታ ደብዳቤው ገቢ ሆኖ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ በሦስቱም ቦታ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተብያለሁ። ከዚያም በኋላ ከማስተማር ሥራዬ ፈቃድ እየጠየቅሁ አራት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ ተመላልሻለሁ፤ የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ የነገረኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።

ጉዳዩ የአንዲት ተማሪ ነው። ስሟን እዚህ አልጠራም፤ በደብዳቤዎቹ ላይ ግን ተጽፏል፣ እርስዎ ዘንድ አለ።

በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር 19 ዓመት ሆኖኛል። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ 10ኛ ክፍልን የጨረሱ ተማሪዎቻችን ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ፣ ተማሪው «ናቹራል»ና «ሶሻል» ከሚላቸው ሁለት ዘርፎች፣ አንዱን እንዲመርጡ ቅጽ ሞሉ። እኔም በድልደላ ኮሚቴው ውስጥ ነበርሁ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገሮች ተቀምጠው ነበር፤ አንዱ ተማሪዎቹ የሞሉት ቅጽ፣ ሌላው በአማካይ ውጤት ቅደም ተከተል የተዘጋጀ የስም ዝርዝር። ለናቹራል ስድስት፣ ለሶሻል ሦስት የመማሪያ ክፍል አስቀድሞ ተይዟል። የተማሪው ፍላጎት ከተያዘው ቁጥር ጋር በገጠመ ጊዜ በቅጹ ሠራን፤ ባልገጠመ ጊዜ ቅጹን ወደ ጎን ብለን በዝርዝሩ ሠራን። ከላይ ጀምሮ ያሉት ወደ ናቹራል፣ ከታች ያሉት ወደ ሶሻል ሄዱ።

ይህች ተማሪ ከክፍሏ አራተኛ ነበረች። የሞላችው ሶሻል ነው። ቅጹ ላይ ምክንያት የሚጻፍባት አንዲት መስመር አለች፤ በዚያች መስመር ሥዕልና ቴአትር መማር እንደምትፈልግ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጽፋለች። ስሟ ሲነሣ የባዮሎጂ መምህራችን «በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የልብ ሥዕል የሣለችው እኮ እሷ ናት፤ እንዲህ አድርጋ ልብ የሣለች ልጅ ባዮሎጂ ካልተማረች ማን ሊማር ነው?» አሉ። በቅንነት ነበር የተናገሩት፤ ሁላችንም በሐሳባቸው ተስማማን። ስሟ ከሶሻል ተሠርዞ ናቹራል ውስጥ ገባ። እኔም ከዝርዝሩ ሥር ፈረምሁ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው በሌላው ላይ ጣቴን ለመቀሰር ብቻ አይደለም፤ ፊርማዬ እዚያው አለ። ነገር ግን ያን ቀን የፈረምነው መመሪያና ቁጥር ከላይ ወርዶልን ነው፤ የክፍሉን ብዛት፣ የመምህራኑን ድልድል፣ የመጻሕፍቱን ስርጭት የወሰነው ቢሮው ነው። ለተማሪው ፍላጎት የተተወለት አንዲት መስመር ስትሆን እሷንም የማንበብ ግዴታ ያለበት ሰው አልነበረም።

ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በወጣ ማግሥት ተማሪዋ እናቷን ይዛ መጣች። እናቷ ጉሊት ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ቢሮ እንደገቡ የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ልጄ ምን አጠፋች?» የሚል ነበር፤ ልጃቸው የጠየቀችውን የተከለከለችው ተቀጥታ መስሏቸዋል። «እናቴ፣ ልጅዎ ጎበዝ ስለሆነች ነው፤ ሊደሰቱ ይገባል» የሚል መልስ ተሰጣቸው። አመስግነው ወጡ። ልጂቱ በሩ ሥር ቆማ ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍሁት ያን ዕለት ማታ ነው።

ይህች ልጅ ዝንባሌዋ ያልታወቀ ተማሪ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በመጠኑ ይቀልለኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን ከማንም አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ለሁለት ዓመትም ሲጠቀምበት ኖሯል። የወላጆች በዓል ሲደርስ የመድረኩን መጋረጃ የምትሥለው እሷ ነች። ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አጫጭር ጭውውቶችን ትጽፋለች፣ ታዘጋጃለች፣ ጓደኞቿን ታለማምዳለች። የመማሪያ መሣሪያ ሲጎድል ከፊዚክስ እስከ ጂኦግራፊ ያሉ መምህራን ካርቶንና ቀለም አስይዘው ወደ እሷ ይልካሉ። ለእኛ ጉድለት መሙያ ሲሆን ችሎታ ብለን የጠራነውን፣ ለራሷ የሕይወት አቅጣጫ ሊሆን በፈለገ ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

ጎበዝ ሁሉ ናቹራል ይግባ የሚለው ልማድ ከየት እንደመጣ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ተወስኖ ለዓመታት ተሠራበት። አገሪቱ መሐንዲስና ሐኪም ያስፈልጋታል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ለአገር የወጣ ቀመር ወደ አንድ ትምህርት ቤት የድልደላ ጠረጴዛ ሲወርድ ትርጉሙ ይለወጣል። ሶሻል የተሸነፈ ተማሪ መሄጃ ተደርጎ በመምህሩም በወላጁም ልብ ውስጥ ተቀረጸ። ጉዳቱም በአንድ ወገን ብቻ አልቀረም። በዚያው ዓመት ከዝርዝሩ ግርጌ አካባቢ የነበረ፣ የሰፈሩን ሰው ራዲዮና ሞባይል ፈትቶ የሚጠግን አንድ ልጅ ነበረን። ናቹራል ብሎ ሞልቶ ሶሻል ደረሰው። ኅዳር ሳይጠባ ትምህርቱን አቋረጠ። ስለ እሱ የጻፈ ሰው የለም፤ እኔም አልጻፍሁም፤ ዛሬ በመጻፌ የዘገየሁ መሆኔን አውቃለሁ።

ናቹራል የጥበብ ጠላት ነው ማለቴ እንዳልሆነም እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። ከድልደላው በኋላ ራሴ እየጠየቅሁ የተማርሁት ነገር አለ። የኪነ ሕንፃ ትምህርት የሚፈልገው የናቹራል ተማሪን ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የፋሽን ዲዛይን ትምህርትም ያለው በጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋሙ ውስጥ ነው። በአንጻሩ ቴአትርና ሥነ ጽሑፍ በማኅበራዊ ሳይንስና በሥነ ሰብእ በኩል ይገኛሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደግሞ ከማትሪክ ውጤት ሌላ የእጅን ችሎታ በራሱ ፈተና ይመዝናል። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም እንዲሁ። እንግዲህ ሥዕል የምትወድ አንዲት ልጅ ወደ አምስት የተለያዩ በሮች ልትሄድ ትችላለች፤ አንዳንዱ በር በናቹራል በኩል ይከፈታል፣ አንዳንዱ በሶሻል በኩል፣ አንዳንዱ በሁለቱም። ይህን በሰኔ 2015 ዓ.ም. ለዚያች ልጅ የነገራት አልነበረም። እኔ አማርኛ መምህሯ አላውቅም ነበር። በትምህርት ቤታችን የሙያ ምክር የሚሰጥ ሰው የለም፤ መደቡ በወረቀት ላይ አለ፣ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ምናልባት ነገሩ በሥርዓት ቢብራራላት ኪነ ሕንፃን ብላ ራሷ ናቹራልን ትመርጥ ነበር። ያ ሌላ ነገር ነው፤ ምርጫው የእሷ ይሆን ነበርና።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክወናና እይታ ጥበባትን ለአንደኛና መካከለኛ ደረጃ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲያስገባ ተስፋ አድርጌ ነበር። ልጆቹ እስከ 8ኛ ክፍል ሲሥሉ፣ ሲዘምሩ፣ ሲተውኑ ቆይተው ወደ እኛ ሲመጡ ግን የሚቀበላቸው የለም። በትምህርት ቤታችን ይህን የሚያስተምር አንድም መምህር አልተመደበም። ስምንት ዓመት ያበረታታነውን ነገር በ9ኛ ክፍል ደጃፍ ላይ ማቆም ለምን እንዳስፈለገ ለተማሪዎቼ ማስረዳት አልቻልሁም።

አሁን ወደ ልጂቱ ልመለስ። 11ኛንና 12ኛን ናቹራል ተማረች። ታታሪ ናትና አልሰነፈችም፤ ነገር ግን የመድረኩ መጋረጃ ቀረ፣ ጭውውቱም ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ወሰደች። ይህ ፈተና ምን ያህል ጠባብ በር እንደሆነ ያውቃሉ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሷ በእንግሊዝኛና በስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ ጥሩ ነጥብ አምጥታ፣ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ወድቃ፣ ግማሹን ለመሙላት ጥቂት ነጥብ ቀራት። ሶሻል ብትማር ኖሮ በእርግጥ ታልፍ ነበር አልልም፤ ያንን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የማውቀው በዚህን ያህል ጠባብ በር የሚያልፍ ሰው ቢያንስ የመረጠውን ጓዝ ተሸክሞ ሊያልፍ እንደሚገባው ነው። ዛሬ በአቅም ማሻሻያ፣ ተማሪዎቹ ሪሚዲያል በሚሉት መርሐ ግብር ውስጥ ናት፤ የገባችውም እንደገና በናቹራል ነው፤ እንደገና ፊዚክስ፣ እንደገና ኬሚስትሪ፣ እንደገና ባዮሎጂ። እኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ የፈረምነው ዝርዝር በሦስተኛ ዓመቱም ከእጇ አልወጣም።

ሦስተኛውን ደብዳቤዬን ያስገባሁት ከውጤቱ በኋላ ነው። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድልደላው የተፈጸመው ከፍላጎቷ ውጪ እንደነበረ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ እንዲሰጣትና በዚያ ላይ ተመሥርታ ዘርፍ የመቀየር ጥያቄዋን እንድታቀርብ። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ሕግ ማሻሻልም አያስፈልገውም። አንድ ገጽ፣ አንድ ፊርማና አንድ ማኅተም ነው።

ሕጉን ለእርስዎ ማስታወስ ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 2 እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን፣ ሥራውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በዚያው አንቀጽ ንኡስ አንቀጽ 9 ለሥነ ጥበብ መስፋፋት ድጋፍ ማድረግን የመንግሥት ኃላፊነት ያደርገዋል። የ16 ዓመት ልጅ ሙያ የመምረጥ መብቷን የምትጀምረው በዚያች ቅጽ ላይ ነው። ቅጹን አስሞልቶ አለማንበብ መብቱን እንደ መከልከል ነው፤ ጭራሽ ካለመጠየቅም ይከፋል፤ ምክንያቱም ልጂቱ ተጠይቄያለሁ ብላ አምናለች።

አፈወርቅ ተክሌ በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። መምህራኑ ዝንባሌውን አይተው ወደ ሥዕል አበረታቱት፤ ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርትም ገባ። አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን ግዙፍ የባለቀለም መስታወት ሥራ ያየ ሰው ያ ለውጥ ለአገር ምን እንዳተረፈ አይጠፋውም። አገሪቱ የማዕድን መሐንዲስ ከዛሬው ይበልጥ ባልነበራት በዚያ ዘመን ልጁን የተላከበትን ካልተማርህ ብሎ የያዘው አልነበረም። የእኛዋ ልጅ አፈወርቅ ትሆናለች ማለቴ አይደለም። መምህራኗ ዝንባሌዋን እንደ እነዚያ አይተን ነበር፤ አይተንም ተቃራኒውን አደረግን።

ክቡር ሆይ፣ የዘንድሮዎቹ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ቅጹን የሚሞሉት በሰኔ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል በየትኛው ዘርፍ በኩል እንደሚገኝ የሚዘረዝር አንድ ገጽ ጽሑፍ ለትምህርት ቤቶች ይላክ፤ ተማሪው ከምርጫው ውጪ ሲደለደል ምክንያቱ በጽሑፍ ተነግሮት በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅሬታ የሚያቀርብበት ሥርዓት ይኑር። የዚያችንም ልጅ ማረጋገጫ ይስጧት፤ የሪሚዲያሉ ጊዜ ሳያልቅ።

በዘንድሮው የድልደላ ኮሚቴም እንድቀመጥ ስሜ ተልኳል። እቀመጣለሁ፤ እያንዳንዱንም ቅጽ፣ እያንዳንዷንም የምክንያት መስመር ድምፄን ከፍ አድርጌ ለኮሚቴው አነባለሁ። ተማሪው ከሞላው ቅጽ ጋር የማይገጥምና ምክንያቱ ያልተጻፈበት ዝርዝር ከቀረበልኝ ግን አልፈርምም። በዚህ የሚመጣብኝን የዲሲፕሊን እርምጃ ለመቀበል ዝግጁ መሆኔን ከወዲሁ በአክብሮት አሳውቃለሁ።

አንድ የአማርኛ መምህር